በአንድ ምስክር አይፈረድም

በታሪክ ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት ተማሪ

ባለፈው ሴሚስተር ክፍላችን ውስጥ የተነሳች አንዲት ክርክር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ጥያቄዋ አጭር ነበረች፦ ለታሪክ ተመራማሪ የበለጠ የሚታመነው የትኛው ነው? የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ወይስ የመንግሥት መዝገብ? ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ማኅተም የሌለበት ወረቀት ምን ዋጋ አለው?" ሲል ሌላው ደግሞ "ቄሱ እኮ ሕፃኑን በዓይናቸው አይተው ነው የሚጽፉት፤ የቢሮው ጸሐፊ ግን የነገሩትን ነው የሚጽፈው" ብሎ ድርቅ አለ። መምህራችን ሁለቱንም ወገን ካዳመጡ በኋላ "እንግዲያው የአየርላንዶችን ነገር አንብባችሁ ኑ" አሉንና ወጡ።

እኔም አነበብኩ። ካነበብኩ በኋላ የደረስኩበት ሐሳብ ግን ከሁለቱም ወገን የሚያጣላኝ ይመስለኛል። ምክንያቱም የአየርላንድ ታሪክ የሚያስተምረው "ይኼኛው ይበልጣል" ሳይሆን፣ ብቻውን የቆመ መዝገብ፣ የቄስም ይሁን የሹም፣ አንድ ምስክር ብቻ መሆኑን ነው። በአንድ ምስክር ደግሞ አይፈረድም። (ስለ አየርላንድ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።)

ለመሆኑ ለምን አየርላንድ? እንደ አየርላንድ ልጆች ዘሩን በወረቀት የሚፈልግ ሕዝብ ብዙ ስለሌለ ነው። በ1845 የድንች በሽታ ገብቶ እስከ 1852 በዘለቀው ታላቅ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው ደግሞ በመርከብ ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ሲቆጠር 6.5 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስደቱ ከዚያም በኋላ አልቆመም። ዛሬ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በእንግሊዝ ያሉት የስደተኞቹ ዘሮች "ቅድመ አያቴ ከየትኛው መንደር ነው የወጣው?" እያሉ መዝገብ ያገላብጣሉ። እኛ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት በቃሉ ይቆጥርልናል። የእነሱ ቆጣሪ ግን ወይ በረሃብ ሞቷል፣ ወይ ከውቅያኖስ ማዶ ቀርቷል። የተረፈው ወረቀቱ ብቻ ነው። ነገሩ የናፍቆት ጉዳይ ብቻም አይደለም። አያቱ በአየርላንድ ደሴት መወለዱን በሰነድ ያረጋገጠ ሰው ተመዝግቦ የአየርላንድ ዜግነት ማግኘት ይችላል። ስለዚህ አንዲት መስመር የሰው ፓስፖርት ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

ሁለቱ ደብተሮች

መንግሥት በአየርላንድ ካቶሊክ ያልሆኑ ሰዎችን ጋብቻ መመዝገብ የጀመረው ከኤፕሪል 1845 ነው። ልደትን፣ ሞትንና የካቶሊኮችን ጋብቻ ጨምሮ ሁሉንም መመዝገብ የጀመረው ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1864 ነው። ልብ በሉ! ታላቁ ረሃብ ካበቃ 12 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በረሃቡ ያለቁትን ሰዎች ስም በሞት መዝገብ የሚፈልግ ሰው አያገኝም፤ መዝገቡ ገና አልተወለደማ!

ከ1864 በፊት ለነበረው ዘመን ያለው ተስፋ የቤተ ክርስቲያን ደብተር ነው። እሱም ቢሆን ወጥ አይደለም። በአንዳንድ ከተሞች ያሉት የካቶሊክ ደብተሮች ከ1700ዎቹ ይጀምራሉ፤ በምዕራቡ የገጠር ክፍል ያሉት ብዙዎቹ ግን ከ1820ዎቹ ወዲህ የተጀመሩ ናቸው። ካቶሊኮች በመሬት፣ በትምህርትና በአምልኮ ላይ ማዕቀብ በጣሉ ሕጎች ተጨቁነው ስለኖሩ፣ ድሃ አጥቢያ ያለው ቄስ ደብተር መያዝ ቀርቶ የሚያስቀድስበት ጣሪያ እንኳን ላይኖረው ይችል ነበር።

አሁን ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን እንያቸው። የመንግሥቱ የልደት መዝገብ የሕፃኑን ስም፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ የአባቱን ስምና ሥራ፣ የእናቱን ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም፣ እንዲሁም ያስመዘገበውን ሰው ስም ይይዛል። የጋብቻው መዝገብ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም አባት ስምና ሥራ ይነግረናል፤ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ "ለአካለ መጠን የደረሰ" ብሎ ያልፋል፤ ማለትም 21 ዓመት የሞላው ነው፤ 22 ይሁን 50 እግዜር ይወቅ። የሞቱ መዝገብ ደግሞ የሟቹን ዕድሜና የሞቱን ምክንያት እንጂ የወላጆቹን ስም አይጽፍም።

የቄሱ ደብተር አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በላቲን የተጻፈ። ጀምስ የተባለው ገበሬ "ያኮቡስ"፣ ዊሊያም ደግሞ "ጉሊየልሙስ" ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን መንግሥት የማይጽፈውን አንድ ነገር ይጽፋል፦ የክርስትና አባትና የክርስትና እናት። እነዚህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጎትና አክስት ወይም የቅርብ ጎረቤት ናቸው። ዘር ፈላጊው የእነሱን ስም ተከትሎ ሲሄድ የጠፋበትን የቤተሰብ ቅርንጫፍ ያገኛል። ሙሽሮቹ ዘመዳሞች ከሆኑም ቄሱ ፈቃድ ሲያስገኝላቸው የዝምድናውን ደረጃ ይጽፋል። እኛ "ስንተኛ ቤት ናችሁ?" የምንለውን ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ በአንድ አጥቢያ ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ብዛት ስለሚያሳብድ ነው። በኬሪና በምዕራብ ኮርክ ሰሊቫን የተባለ ቤተሰብ በየኮረብታው አለ። ከመካከላቸው ጆን ሰሊቫን የሚባለውን እፈልጋለሁ ማለት መርካቶ ገብቶ ከበደን እንደ መጥራት ነው። በዚያ ላይ በስሙ መነሻ ላይ ያለችው "ኦ" ወይም "ማክ" አንዴ ትጻፋለች አንዴ ትቀራለች። የሚያድነው የእናቲቱ ስም፣ የመንደሩ ስምና የክርስትና ወላጆቹ ስም ሦስቱ ሲገጥሙ ነው። ደግሞም ሦስቱ በአንድ ደብተር ላይ ሁልጊዜ አይገኙም።

እሳቱና የተረፈው

በደብሊን ከተማ፣ በሊፊ ወንዝ ዳር፣ ፎር ኮርትስ የሚባል የፍርድ ቤቶች ሕንፃ አለ። በ1867 በወጣ ሕግ የአገሪቱ ቤተ መዛግብት የተቋቋመው በዚሁ ግቢ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በየቦታው ተበታትኖ የሚበሰብሰውን ሰነድ ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ መጠበቅ። ዛሬም እኛ "ዘመናዊ አሠራር" የምንለው ይህንኑ አይደል?

በኤፕሪል 1922 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውን ስምምነት የተቃወሙ ታጣቂዎች ፎር ኮርትስን ያዙ። ጁን 28 ቀን የአዲሱ መንግሥት ጦር በመድፍ መደብደብ ጀመረ። ጁን 30 ቀን 1922 ግቢው ውስጥ ከባድ ፍንዳታ ደረሰ፤ ቤተ መዛግብቱም ነደደ። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ከጥቂት ቅሪት በስተቀር፣ ኑዛዜዎች፣ የፍርድ ቤት ሰነዶች ሁሉ ዓመድ ሆኑ። መንግሥታዊ ሃይማኖት የነበረው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በሕግ ታዞ ወደዚያ ካስገባቸው ደብተሮች ውስጥም ከ1,000 የሚበልጡ አጥቢያዎች ደብተር አብሮ ተቃጠለ።

ሁሉን በእሳት ማሳበብ ግን ትክክል አይሆንም። የ1861 እና የ1871 ቆጠራ ቅጾችን ያጠፋቸው የመንግሥት ትእዛዝ ነው። የ1881 እና የ1891 ቅጾች ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት መሥሪያ ተፈጭተዋል። በዚህ ምክንያት ለመላው አገሪቱ ተሟልተው የተገኙት የመጀመሪያዎቹ ቆጠራዎች የ1901 እና የ1911 ናቸው። እንግዲህ "መንግሥት ያስቀመጠው አይጠፋም" የምትሉ የክፍል ጓደኞቼ ይህችን ያዙልኝ።

የካቶሊኮቹ ደብተሮችስ? እነሱ ተረፉ! የተረፉት ግን ማንም ስለተንከባከባቸው አልነበረም። መንግሥት የካቶሊክን ደብተር እንደ ሕዝብ ሰነድ ስላልቆጠረው ወደ ደብሊን አምጡ ያለ ሰው አልነበረም። የተናቀው ደብተር በየቄሱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። የተከበረው ነደደ፣ የተናቀው ተረፈ። ከአንግሊካኑ ወገንም የዳኑት ደብተራቸውን እዚያው አጥቢያቸው እንዲያስቀምጡ የተፈቀደላቸው ናቸው፤ አንዳንድ ጠንቃቃ ቄሶች ደግሞ ዋናውን ከመላካቸው በፊት በእጃቸው ገልብጠው አስቀርተው ስለነበር ግልባጩ ተገኘ። የዚያን ቄስ ድካም አስቡት! በሻማ ብርሃን መቶ ገጽ ሲገለብጥ ጎረቤቱ "ምን ያደክምሃል?" ሳይለው የቀረ አይመስለኝም።

የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1950ዎቹ ጀምሮ የካቶሊክ ደብተሮችን በማይክሮፊልም አነሳ፤ በጁላይ 2015 ደግሞ ከ370,000 በላይ ምስሎችን በኢንተርኔት ለማንም በነፃ ለቀቀ። በትሪኒቲ ኮሌጅ ደብሊን መሪነት የተሠራውና በጁን 2022 የተከፈተው ምናባዊ ቤተ መዛግብትም የተቃጠለውን ሰነድ መልሶ የሚገነባው በሌላ አገርና በሌላ ቤት የተቀመጡ ግልባጮችን በማሰባሰብ ነው። መቶ ዓመት የፈጀው ትምህርት ይኸው ነው፦ መዝገብ የሚድነው በብረት በር ሳይሆን ሁለት ቦታ በመገኘቱ ነው።

ማኅተም ያለው ስህተት

አሁን ደግሞ ወደ እውነቱ ጉዳይ እንምጣ። መዝገቡ ተርፎ ቢገኝስ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው? አይደለም። በአየርላንድ ሕግ ልደትን በጊዜው ያላስመዘገበ ሰው ይቀጣ ነበር። ገበሬው ደግሞ እርሻ አለበት፣ መዝጋቢው ያለበት ከተማ ሩቅ ነው። ስለዚህ ዘግይቶ ይሄድና ቅጣቱን ለማምለጥ የልጁን ልደት ወደፊት ገፋ አድርጎ ይናገራል። ካቶሊኮች ልጃቸውን ክርስትና የሚያስነሱት በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለነበረ፣ ዛሬ ሁለቱን ደብተር ያስተያየ ሰው ሳይወለድ ክርስትና የተነሳ ሕፃን ያገኛል! ማኅተሙ ያለው በመንግሥቱ ወረቀት ላይ ነው፤ እውነቱ ግን በቄሱ ደብተር ላይ።

ከዚህ የከፋም አለ። በሜይ 2018 የአየርላንድ መንግሥት ይፋ እንዳደረገው ከ1946 እስከ 1969 ባሉት ዓመታት የተወለዱ 126 ልጆች፣ በጉዲፈቻ የወሰዷቸው ሰዎች እንደወለዷቸው ተደርጎ በልደት መዝገብ ገብተዋል። እነዚህ ሰዎች የልደት ሰርተፊኬታቸውን አንድም ቀን ሳይጠራጠሩ አርጅተዋል። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በጉዲፈቻ ያደጉ ሰዎች የልደት መረጃቸውን የማግኘት መብት ቢሰጣቸውም፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ የጻፈው ውሸት ግን ሕግ ስለወጣ ብቻ አይታረምም። እንደገና ሌላ ምስክር መፈለግ ግድ ይላል።

ሽማግሌዎቹና አምስት ሽልንግ

በጣም ያሳቀኝን፣ ቆይቶም ያሳሰበኝን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1908 በወጣ ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 1909 ጀምሮ 70 ዓመት የሞላው ድሃ በሳምንት እስከ አምስት ሽልንግ አበል ማግኘት ጀመረ። ታዲያ 70 ዓመት ሞልቶኛል የሚል ሰው የተወለደው ከ1839 በፊት ነው፤ ምዝገባ የተጀመረው ደግሞ በ1864። ዕድሜውን በምን ያስረዳ? ኮሚቴዎቹ "የታላቁን ነፋስ ሌሊት ታስታውሳለህ?" ብለው መጠየቅ ጀመሩ። በጃንዋሪ 6 ቀን 1839 ሌሊት አገሩን የጠራረገ ማዕበል ነበርና። እኛ "ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ" እንደምንለው መሆኑ ነው። ያን ሌሊት የማያስታውስ ሽማግሌ ጠፋ!

የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎችን የሚያስተያይ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ በ15 ወይም በ16 ዓመት ያረጁ ሰዎችን በብዛት ያገኛል። ይዋሹ ነበር ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ረሃቡን በልጅነቱ ያለፈ፣ የተወለደበትን ቀን የጻፈለት ሰው የሌለ ድሃ፣ አምስት ሽልንግ ሲመጣለት ምን ይበል?

ዋናው ቁም ነገር ግን ወዲህ ነው። ብዙዎቹ አመልካቾች በ1841 እና በ1851 ቆጠራ ስማቸው እንዲፈለግላቸው ጠየቁ። ጸሐፊዎች ወደ ቤተ መዛግብቱ ገብተው ያገኙትን በቅጽ ላይ ገለበጡ። ቆጠራው በ1922 ሲቃጠል እነዚያ የፍለጋ ቅጾች ተረፉ። ዛሬ አንዳንድ ቤተሰቦች በተቃጠለው ቆጠራ ውስጥ የነበሩ ወላጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን የሚያገኙት አንዲት አሮጊት ለአምስት ሽልንግ ብላ ባስጻፈችው ወረቀት ነው። እሷ የፈለገችው ዳቦ ነበር፤ የተወችው ግን ታሪክ ሆነ።

የቱዋም ሕፃናት

መዝገብን ማስተያየት የዘር ፈላጊ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ። በጎልዌይ አውራጃ ቱዋም በምትባል ከተማ ከ1925 እስከ 1961 ድረስ ሳያገቡ የወለዱ እናቶችና ልጆቻቸው የሚቀመጡበት፣ በመነኮሳይት የሚተዳደር ቤት ነበር። ካትሪን ኮርለስ የተባሉ የአካባቢው የታሪክ ሰው በዚያ ቤት የሞቱ ሕፃናትን ቁጥር ለማወቅ ወደ መንግሥት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። የ796 ሕፃናትን የሞት ሰርተፊኬት አገኙ። ቀጥለው የመቃብር መዝገቦችን ፈተሹ፤ የቀብራቸው ነገር ግን ከጥቂቱ በቀር የለም። የሞት ወረቀት አለ፣ የቀብር ወረቀት የለም። ታዲያ ሕፃናቱ የት ሄዱ?

ይህች ጥያቄ አገር አናወጠች። በ2017 መርማሪ ኮሚሽኑ በስፍራው ብዙ የሰው አጽም መገኘቱን አረጋገጠ፤ በጃንዋሪ 2021 ሪፖርቱ ወጣ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትርም በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። በጁላይ 2025 ደግሞ አጽሙን ለማውጣትና ለመለየት ቁፋሮ ተጀመረ። ይህ ሁሉ የመጣው አዲስ ሰነድ ተገኝቶ አልነበረም። ሁለቱም መዝገቦች ለዓመታት በየመደርደሪያቸው ተቀምጠው ነበር። ያልነበረው ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው።

"ግን ግራ አይገባም ወይ?"

አንዳንድ ጓደኞቼ "ሁለት መዝገብ ሁለት ነገር ከተናገረ መጨረሻው ግራ መጋባት ነው፤ አንዱን ይዞ መሄድ ይሻላል" ይሉኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ግራ የማይገባው እውነቱን ስላወቀ ሳይሆን የሚጠይቀው ስለሌለ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ነው ጥያቄው የሚወለደው፦ የነገረው ማነው? የጻፈውስ? ከስንት ጊዜ በኋላ ጻፈው? ያ ሰው ቢዋሽ ምን ይጠቀማል፣ እውነቱን ቢናገር ምን ይጎዳል? ገበሬው ቅጣት ፈራ፣ ሽማግሌው አበል ፈለገ፣ አሳዳጊዎቹ ነገሩን ሸሸጉ። ግጭቱ ራሱ የሰዎቹን ኑሮ ይነግረናል። እኔ ታሪክ የምለው ይህንን ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበልና ላብቃ። እኔ ሁለት የልደት ዓመት አለኝ። ትምህርት ቤት ልመዘገብ ስሄድ እጄን በራሴ ላይ አዙሬ ማዶ ያለውን ጆሮዬን መንካት አቃተኝ፤ አያቴ ግን "ዕድሜውስ ደርሷል፣ ቁመቱ ነው ያነሰው" ብለው አንድ ዓመት ጨመሩልኝ። ያቺ የአያቴ ዓመት እስከ ዛሬ በሁሉም ወረቀቶቼ ላይ ትከተለኛለች። በአጥቢያችን ያለው የክርስትና መዝገብ ግን ሌላ ይላል፤ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነውና ከዚያ ቀን 40 ቆርጦ ልደቴን ማግኘት ቀላል ነው። የልደት ሰርተፊኬት ላወጣ ስሄድ የክርስትናውን ወረቀት ባሳይ "የትምህርት ቤቱ ይበቃል" ተባልኩ። አያቴን ከአየርላንድ ሽማግሌዎች ጋር ሳስተያያቸው ከልቤ ሳቅሁ።

በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን አዲሱ መዝገብ መጣ ተብሎ በየደብሩ ያለው የክርስትና መዝገብ ለአይጥና ለዝናብ ከተተወ፣ ፎር ኮርትስን ያለ እሳት ደገምነው ማለት ነው። ከ2008 በፊት ለተወለደው ለብዙ ሰው ያለው ሁለተኛ ምስክር ያ ነውና። የእኛ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን ብለን ከምናማርር፣ በየትውልድ አጥቢያችን ያለውን ደብተር በአባቶች ፈቃድ ፎቶግራፍ አንስተን አንድ ቅጂ እዚያው፣ አንድ ቅጂ እዚህ ብናስቀምጥስ? ወጪው ከአንድ ስልክና ከአንድ የዕረፍት ጊዜ አይበልጥም።

አባቶቻችን "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ብለዋል። የአየርላንድን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ አንዲት ነገር ልጨምርበት እደፍራለሁ፦ የሚወረሰው ሁለት ቦታ የተጻፈው ነው። የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉብኝ፤ ያኔ እኔም ሁለተኛ ምስክር አገኘሁ ማለት ነው።